የአባቶች ቀን በሆላንድ
ርእሳችን የአባቶች ቀን ነው። በሆላንድ አገር የአባቶች ቀን የሚውለው በፈረንጆቹ ጁን ወር፣ በሦስተኛው እሑድ ነው። በዚያን ዕለት ልጆች ማልደው ተነሥተው፣ አባታቸው ገና ከአልጋው ሳይወርድ ቁርሱን ያቀርቡለታል፤ በትምህርት ቤት በገዛ እጃቸው የሠሩትንም ገጸ በረከት ያበረክቱለታል።

ታዲያ ይህ የአባቶች ቀን ለእኛ ፈጽሞ እንግዳ ነውን? እስቲ የእንቁጣጣሽን ማለዳ አስቡት። በርእሰ ዐውደ ዓመት፣ መስከረም 1 ቀን፣ ብላቴናው አደይ አበባንና መላእክትን የሣለበትን፣ ቀለሙ ገና ያልደረቀ ወረቀት ይዞ በአባቱ ፊት እጅ ሲነሣ፣ አባትም በሁለት እጁ ተቀብሎ «እደግ፣ ተመንደግ!» ሲለው፣ የሆላንዶች የአባቶች ቀን ያን ጊዜ ይገለጥልናል። በእኛ ዘንድ ግን ሥዕሉ ለክርስትና አባትም ለጎረቤትም ይዳረሳል፤ እኔም ይህን አብልጬ እወዳለሁ፣ አባቱ የሞተበት ሕፃን እንኳ በዚያች ማለዳ መራቂ አያጣምና።