የእጅ ሰዓት ስለ እንቅልፍ ምን ያውቃል?

(በነዋሪዎች ማኅበራችን ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



እንደምታውቁት የዛሬ ወጣቶቻችን የሚያስሩት ሰዓት ጊዜ መቁጠር አልበቃው ብሎ፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲጠብቅ አድሮ ጠዋት «ጥልቅ እንቅልፍህ ይህን ያህል ደቂቃ ነው» እያለ ነጥብ ይሰጣል። ጉዳዩን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። «አጎበር ውስጥ ስተኛ ሰዓቴ ነጥቤን ዝቅ ያደርገዋል፤ ስለዚህ ያለ አጎበር ግቢ መተኛት ጀመርኩ» የሚል ሰው በመካከላችን ተገኝቷል። ባሮ ዳር እየኖሩ ይህን ማድረግ ምን እንደሚያስከትል ለእናንተ መንገር አያሻኝም።

ለመሆኑ ሰዓቱ የሚያየው ምንድን ነው? የእጅን እንቅስቃሴና፣ አረንጓዴ ብርሃን ወደ ቆዳ እየላከ የልብን ምት ነው። እንቅልፍ ግን የአእምሮ ሥራ ነው። በላቦራቶሪ የሚለካው በራስ፣ በዓይን አጠገብና በአገጭ ላይ ሽቦ ተለጥፎ ነው። ሰዓቱ ይህን ይገምታል እንጂ አያይም እኮ! አንድ ሰው በሙቀት እንቅልፍ አጥቶ፣ ዓይኑን አፍጥጦ፣ ግን ሳይገላበጥ ቢያድር «ተኝቷል» ብሎ ይመዘግብለታል። ከላቦራቶሪ ጋር ባነጻጸሩት ጥናቶች የታየው ዋና ጉድለት ይኸው ነው፤ የተኛውን ተኝቷል ማለት ይችልበታል፣ ነቅቶ የተጋደመውን መለየት ግን ያቅተዋል። «ጥልቅ»፣ «ቀላል» እያለ የሚከፋፍለውማ የባሰ ግምት ነው።

ታዲያ ሰዓቱ ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። በዚሁ በክልላችን፣ በጊሎ ወንዝ አካባቢ፣ ከ1959 ዓ.ም. ጀምሮ የቆላ ዝንብ የምታስተላልፈው የእንቅልፍ በሽታ ተነሥቶ ነበር። ያ በሽታ ሲጠና ሕመምተኛውን ቀን እያስተኛ ሌሊት ያነቃዋል። በካሜሩን ሐኪሞች እንዲህ ባሉ ሕመምተኞች እጅ ላይ እንቅስቃሴ የሚመዘግብ መሣሪያ አስረው የእንቅልፋቸውን መዛባት ተከታትለዋል፤ ጥናቱም እ.ኤ.አ. በ2012 ታትሟል። እንግዲህ መሣሪያው የሚረዳው የብዙ ቀን ልማድን ለማየት ነው፤ መቼ ተጋደመ፣ መቼ ተነሣ። በሽታው ራሱ የሚረጋገጠው ግን በደምና ከአከርካሪ በሚቀዳ ፈሳሽ ምርመራ ነው።

ሌላም አለ። ትኩሳት የልብ ምትን ያፋጥናል። ወባ የጀመረውን ሰው ሰዓቱ «መጥፎ ሌሊት» ብሎ ሊያልፈው ይችላል። ስለዚህ ትኩሳት የተሰማው ሁሉ ነጥቡ ከፍም አለ ዝቅ፣ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሄዶ ደሙን ያስመርምር። ሙቀት ያስቸገረው ሰው አልጋውን ግቢ ቢያወጣ ማንም አይከለክለውም፤ አጎበሩንም አብሮ ያውጣና በአራት እንጨት ወጥሮ፣ ጫፉን ከፍራሹ ሥር አስገብቶ ይተኛ።