ከሃምሳ በኋላ ኢላማ ተኩስ



እዚህ ናይሮቢ ቅዳሜ ቅዳሜ ሱቄን ዘግቼ የት እንደምጠፋ ብዙዎቻችሁ ትጠይቁኛላችሁ። ኢላማ ተኩስ እየተማርኩ ነው፤ የጀመርኩት በ52 ዓመቴ ነው። በ22 ካሊበር ጠመንጃ በ50 ሜትር ርቀት እንተኩሳለን። አሥር ነጥብ የሚያሰጠው የመሐል ክብ ስፋቱ 10.4 ሚሊ ሜትር ነው፤ እኔ በደርዘን የምሸጠውን የሸሚዝ ቁልፍ ያህላል።

መጀመሪያ ላይ አንድ ጥይት ወደ ግራ ከሄደብኝ ማነጣጠሪያውን አዞር ነበር፤ ቀጣዩ ወደ ቀኝ ሲሄድ መልሼ አዞራለሁ። አሰልጣኜ የልጄ እኩያ፣ ያገራችን ልጅ ነው። «ጋሼ፣ መጀመሪያ አምስቱም አንድ ቦታ ይሰብሰቡ፤ ማነጣጠሪያው ከዚያ በኋላ ይስተካከላል» አለኝ። እውነት ለመናገር ቅር አለኝ። ደንበኛ በተከራከረው ቁጥር ዋጋ የሚቀያይር ነጋዴ እንደማይሳካለት ግን እኔም አውቃለሁ።

አንድ ቀን ደግሞ ሳይነግረኝ ጥይት ያልጎረሰ ጠመንጃ ሰጠኝ። ምላጩን ስስብ አፈሙዙ ወደ ታች ወረደ። ፍንዳታ የለም፤ ያወረድኩት እኔው ነኝ! እስከዚያ ድረስ በጠመንጃው ነበር የማሳብበው፤ ልጆቼ ምስክር ናቸው።

ከዚያ ወዲህ ሦስት ወር ሙሉ በባዶ ጠመንጃ ምላጭ ቀስ ብሎ መሳብን ተለማመድኩ። ባለፈው ቅዳሜ አምስቱም ጥይቶች በአንድ የቡና ሲኒ አፍ ስፋት ውስጥ ገቡ። አሥሩን አልነኩም፤ ሁሉም ወደ ግራ ናቸው። አሰልጣኜ ሳቅ ብሎ «አሁን ማዞር ይቻላል» አለኝ።