ውሻው፣ ፈረቃውና የዕለቱ ወሬ

ዛሬ የምንጨዋወተው ስለ ውሻ ነው። ውሻ ደግሞ ምን ወሬ አለው እንዳትሉ!

የጠዋት ፈረቃ ያለበት ሰው ገና ሳይነጋ ይነሣል። ሻዩን ፉት ይላል፤ ምሳውን ይቋጥራል፤ በሩን ይከፍታል። ከቤተሰቡ ቀድሞ የሚነሣለት ማን ነው? ቡቺ ነው። ጅራቱን እየቆላ እስከ አስፋልቱ ድረስ ይሸኘዋል። ማታም ጌታው ከፋብሪካ ሲመለስ ከሩቅ በኮቴው ያውቀዋል። ደመወዝ አይጠይቅ፣ ፈረቃ አይቀይር! ፍርፋሪ ካገኘ ይበቃዋል። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ይባል የለ?

ታዲያ ቡቺ ቀን ቀን የት ይውላል? እናንተ ማሽን ላይ ቆማችሁ ስትውሉ እሱ በየመንደሩ ይዞራል። ከቆሻሻ ገንዳው፣ ከሥጋ ቤቱ ደጅ፣ ከአቃቂ ወንዝ ዳር አይጠፋም። እዚያ ባለቤት የሌላቸው ውሾች አሉ። ይጣላሉ፤ ይናከሳሉ። የእብድ ውሻ በሽታም የሚተላለፈው እንዲህ ነው። በሽታው በታመመው እንስሳ ምራቅ ውስጥ አለ፤ ሲነክስ በቁስሉ ይገባል። ድመትም አህያም ከተነከሱ ይይዛቸዋል።

አሁን ወደ ዕለቱ ወሬ እንምጣ። አዲስ ዘመን ጋዜጣ መታተም የጀመረው በ1933 ዓ.ም. ነው። ብዙ ሰው ጋዜጣ ሲያገኝ ትልልቁን ርእስ፣ ወይም ኳሱን ብቻ ያያል። እኔ ግን ትንንሹን ማስታወቂያ አትለፉት እላለሁ። በወረዳው ሰሌዳ ላይ የሚለጠፈውንም እንደዚሁ። የውሻ ክትባት መቼና የት እንደሚሰጥ በዚያ ሊወጣ ይችላል። ቃሉን በጣታችሁ እየተከተላችሁ አንብቡ፦ ክ-ት-ባ-ት። ቡችላ ሦስት ወር ሲሞላው ይከተባል፤ ከዚያ በየዓመቱ ነው። በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች 70 ከመቶ ያህሉ ከተከተቡ በሽታው ከውሻ ወደ ውሻ መዛመት ያቅተዋል። ስለዚህ የጎረቤትም ውሻ ነገር ያገባናል።

ልጃችሁን ውሻ ቢነክሰውስ? ወዲያውኑ ቁስሉን በውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ እጠቡት። 15 ደቂቃ ረጅም ነው፤ ልጁም ያለቅሳል፤ ቢሆንም አታቋርጡ። ቡና ወይም አመድ አትነስንሱበት። ከዚያ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። «ፈረቃ አለብኝ፣ ነገ እወስደዋለሁ» አይባልም። «የራሳችን ውሻ ነው፣ ጤነኛ ነው» ማለትም አያዋጣም፤ ውሻው ሕመሙ ሳይታይበት ጥቂት ቀናት ቀድሞ በሽታውን ሊያስተላልፍ ይችላል። በሰው ላይ ምልክቱ የሚታየው አብዛኛውን ጊዜ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ነው። ቁስሉ ድኗል፣ ልጁ ይጫወታል፣ እናትም ረስታዋለች። ምልክቱ አንዴ ከታየ ግን የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል። ጸበል የሚወስድ ይውሰድ፤ መርፌው ግን ይቅደም።

ይህ መርፌ የትናንት ግኝት አይደለም። ሉዊ ፓስተር የተባለ የፈረንሳይ ሊቅ በ1885 እ.ኤ.አ. ያበደ ውሻ የነከሰውን የ9 ዓመት ልጅ ከተበ። የልጁ ስም ጆሴፍ ማይስተር ነበር። ልጁ ዳነ፤ አድጎም ትልቅ ሰው ሆነ።

መርፌው በአንድ ቀን አያልቅም። ጤና ጣቢያው ቀጠሮ የተጻፈበት ወረቀት ይሰጣችኋል። እዚህ ላይ አደራ! ቀኑ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው ወይስ በፈረንጅ? ሰዓቱስ? «3 ሰዓት» የተባለው የጠዋቱ 3 ነው? እዚያው ቆማችሁ አንብቡት። ካልገባችሁ «እኅቴ፣ ይህ በየትኛው አቆጣጠር ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ምንም ነውር የለውም። ቀጠሮው ከፈረቃ ጋር ከተጋጨ ወረቀቱን ለአለቃችሁ አሳዩና ፈቃድ ጠይቁ፤ ወይም ከባልደረባ ጋር ፈረቃ ተቀያየሩ።

በሉ አሁን እርሳስ አንሡ። በደብተራችሁ ላይ የውሻችሁን ስም ጻፉ። ከሥሩ ደግሞ «የተከተበበት ቀን» ብላችሁ ጻፉና ቦታውን ክፍት ተዉት።