ለአሮጌ ገንዘባችን የሚስማማው አልበም
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን የተደረገ ንግግር)



የንግግሬ አርእስት አሮጌ ገንዘብ የሚቀመጥበትን አልበም ስለ መምረጥ ነው። ምናልባት አንዳንዶቻችሁ «ይህ የልጆች ጨዋታ አይደለምን?» ትሉ ይሆናል። እኔ ግን የአልበሙ አመራረጥ የቤታችንን ታሪክ ሊያቆይም ሊያጠፋም እንደሚችል ላስረዳችሁ እሞክራለሁ።

በወልቂጤም ሆነ በቡታጅራ፣ በዙሪያቸው ባሉትም መንደሮች፣ ከሣጥን ግርጌ በመሐረብ የተቋጠረ አሮጌ ገንዘብ የሚገኝበት ቤት አለ። ለመስቀል ወይም ለዓረፋ ዘመድ ሁሉ ከአዲስ አበባና ከሌላውም ከተማ ተጠራርቶ ሲሰበሰብ ቋጠሮው ይፈታል፤ ልጆች ያያሉ፤ አያቶችም ገንዘቡ ከማን እጅ እንደ መጣ ይተርካሉ። በዓሉ ሲያልፍ ግን ገንዘቡ ወደ ቋጠሮው ይመለሳል፤ ታሪኩንም የሚጽፈው የለም። ተራኪዎቹ ያለፉ እንደ ሆነ፣ የቀረው ገንዘብ ለአንጥረኛ በሚዛን ከመሸጥ በቀር ሌላ ጥቅም ያለው መስሎ አይታይም።

ይህ ጉዳት በእኛ አገር የሚከፋበት ምክንያት አለው፤ ይኸውም ገንዘባችን ዕድሜውን ራሱ የማይናገር መሆኑ ነው። ጠገራ ብር የምንለውን የማርያ ቴሬዛን ብር ተመልከቱ። በላዩ የተጻፈው ዓመት እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር 1780 ነው። ንግሥቲቱ የሞተችው በዚያው ዓመት ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ በቪየናም በለንደንም በቦምባይም ሲሠራ ዓመቱ አልተለወጠም። ሙሶሊኒም አገራችንን በወረረ ጊዜ በሮማ አስቀጥቶታል፤ በእርሱም ላይ የተጻፈው 1780 ነው። እንግዲህ ከአያት የተወረሰው ብር የትኛው እንደ ሆነ ከዓመቱ አይታወቅም። በ1937 ዓ.ም. የወጡት ሣንቲሞችም የያዙት ዓመት ፲፱፻፴፮ ነው፤ ለብዙ ዘመን ሲሠሩ ይህ ቍጥር አልተለወጠም። 1969 የሚለው ዓመት ያለባቸውም እንዲሁ ናቸው።

አሁን ወደ አልበሙ እንመለስ። እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1930ዎቹ በአሜሪካ ለሣንቲም ሰብሳቢዎች የተዘጋጀው ክርታስ ለየዓመቱ አንድ ክብ ቀዳዳ ነበረው። ሰብሳቢው የየዓመቱን ሣንቲም እየፈለገ ቀዳዳውን ይሞላል። ይህ ሣንቲሙ በየዓመቱ አዲስ ቍጥር ለሚይዝ አገር መልካም ነው፤ ለእኛ ግን አይስማማም። በዚያ ላይ ከኋላ የተደፈነ ስለ ሆነ አንዱን ገጽ ብቻ ያሳያል። የቀዳዳው ቅርጽም ያስቸግራል፤ የ1936ቱን ሃያ አምስት ሣንቲም ብናይ፣ መጀመሪያ ሙሉ ክብ ነበር፤ ሰዎች ብር እየቀቡ በሃምሳ ሣንቲም ስም ስላሳለፉት በኋላ ጠርዙ እንደ አበባ ቅጠል ሆኖ ተከረከመ። ሁለቱም በአልበማችን ጎን ለጎን ሊታዩ ይገባል።

ስለዚህ አልበም ስንመርጥ ሦስት ነገር እንመልከት።

አንደኛ፣ ሁለቱም ገጽ የሚታይበትና ማስታወሻ የሚጻፍበት ይሁን። ከሁሉ የሚሻለው አምስት ሴንቲ ሜትር በአምስት ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ መካከሉ በስስ ጥርት ያለ ፕላስቲክ የተሸፈነ ክርታስ ነው። ገንዘቡ በውስጡ ይቀመጣል፤ ክርታሱም ኪስ ባለው ገጽ ውስጥ ይገባል። በክርታሱ ጠርዝ ላይ ገንዘቡ ከማን፣ የትና መቼ እንደ ተገኘ፣ ባለቤቱም ምን እንደ ተናገሩ ይጻፋል። ጽሕፈቱ ገንዘቡ ከመግባቱ በፊት ይፈጸም፤ ክርታሱ በስቴፕለር ከተሰፋም ሽቦው ሌላውን እንዳይቧጭር በደንብ ይደፍጠጥ።

ሁለተኛ፣ ፕላስቲኩ ምን ዓይነት እንደ ሆነ ይጠየቅ። ለስላሳና እጥፍ የሚለው፣ አዲስ ሳለ የሚሸተው ፕላስቲክ አብዛኛውን ጊዜ ፒ.ቪ.ሲ. ነው። እርሱ በጊዜ ብዛት አሲድ እያወጣ በመዳብና በብር ላይ የሚያጣብቅ አረንጓዴ ዝቃጭ ያሳድራል። ጕዳት የሌለባቸው ፖሊፕሮፒሊን፣ ፖሊኤትሊንና ማይላር የሚባሉት ናቸው። ገጹ የሚያጣብቅ የፎቶግራፍ አልበምም ለገንዘብ አይሆንም። የጎማ ማሰሪያም ድኝ ስላለበት ብርን ያጠቍራል።

ሦስተኛ፣ ክብደቱን የሚችል ይሁን። አንድ ጠገራ ብር 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ስፋቱም 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ሃያ ኪስ ያለው ገጽ በጠገራ ብር ቢሞላ 560 ግራም ይሸከማልና ኪሱ ይቀደዳል፤ የማኅደሩም ቀለበት ይጣመማል። ስለዚህ ትልልቆቹን በየገጹ ጥቂት ጥቂት እናድርግ።

ይህን ሁሉ መግዛት የማይችል ተማሪ ተስፋ አይቍረጥ። እያንዳንዱን ገንዘብ በንጹሕ ወረቀት ፖስታ ለብቻው አስቀምጦ በፖስታው ላይ ታሪኩን ቢጽፍ፣ ውድ አልበም ገዝቶ ምንም ካልጻፈው ሰው ይበልጣል።

አደራደሩም በዓመት ቍጥር ሳይሆን በዘመን ቢሆን ይሻላል። ከጠገራ ብር ቀጥሎ፣ ከ1887 ዓ.ም. ጀምሮ በፓሪስ የተሠሩት የዳግማዊ ምኒልክ ብሮች ከነክፍልፋያቸው ይግቡ፤ ከዚያ የ1923ቱ መቶኛዎች፣ የ1936ቱ ሣንቲሞች፣ የ1969ኞቹና ከእነርሱ በኋላ የወጡት፣ በመጨረሻም የ2002ቱ ባለሁለት ቀለም አንድ ብር ይከተሉ። በየመካከሉ ባዶ ኪስ ይተው፤ ነገ የሚገኘውን አናውቅምና።

ሁለት ነገር ልጨምር። በምድጃ ጢስ አጠገብና እርጥበት ባለበት ግድግዳ ሥር አልበም አይቀመጥ፤ ገንዘቡም በአመድና በሎሚ አይፈተግ። ፍትጊያ ያስወገደውን መልክ ማንም አይመልሰውም። ደግሞም ከ3ኛው እስከ 7ኛው መቶ ዓመት የተሠራ የአክሱም ነገሥታት ገንዘብ ከመሬት ቢገኝ፣ የአገር ቅርስ ነውና በግል አልበም አይገባም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 209 ያገኘው ሰው ለሚመለከተው ክፍል እንዲያስታውቅ ያዝዛል።

ክቡራን ወላጆች፤ ከእናንተ የምንለምነው አሮጌውን ገንዘብ እንድትሰጡን አይደለም፤ ታሪኩን እንድትነግሩን ብቻ ነው። ጓደኞቼ ሆይ፤ በሚመጣው በዓል ቋጠሮው ሲፈታ እርሳስና ወረቀት ይዛችሁ ከአያቶቻችሁ እግር ሥር ተቀመጡ። በገንዘቡ ላይ የሌለውን ዘመን የሚያውቁት እነርሱ ናቸውና።