ተዋናዩ ሲለይ ታሪኩ ምን ይሆናል?



በመሥሪያ ቤት አንድ ሹም ሲዛወር ወይም በሞት ሲለይ ወንበሩ ለሌላ ይሰጣል፤ መዝገቡም በቁጥሩ ይቀጥላል። በቴአትር ቤትም ነገሩ እንደዚሁ ነው። ሐምሌትን የሚጫወተው ሰው ቢታመም ሌላው ልብሱን ለብሶ ይወጣል፤ ተመልካቹም ቅር አይለውም። በየሳምንቱ የሚቀርብ የቴሌቪዥን ድራማ ግን ከዚህ ይለያል። ተመልካቹ ባለ ታሪኩን ያወቀው በአንድ ሰው ፊትና በአንድ ሰው ድምፅ ብቻ ነውና፤ ያም ሰው ለዓመታት እቤቱ ድረስ እየገባ እንደ ዘመድ ሆኖታል። እንዲህ ያለው ተዋናይ የተለየ እንደ ሆነ አዘጋጆቹ ምን ያደርጋሉ? ዛሬ የማጫውታችሁ ስለዚሁ ነው። የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቀላሉ መንገድ ዝም ማለት ነው። «ቢዊችድ» በተባለው የአሜሪካ አስቂኝ ድራማ ባልየውን ይጫወት የነበረው ዲክ ዮርክ በጀርባ ሕመም ምክንያት በ1969 ሥራውን ሲተው፣ ዲክ ሳርጀንት የሚባል ሌላ ተዋናይ በስሙም፣ በቤቱም፣ በሚስቱም ላይ ተተካ። የባልየው ፊት መለወጡን ከጎረቤት እንኳ ያነሣ አልነበረም። ሚስቲቱ ጠንቋይ ስለ ሆነች፣ በዚያ ቤት ይህ ብዙ አያስደንቅ ይሆናል።

ከዝምታ የሚብሰው ማታለል ነው። በ«ዳላስ» ድራማ ፓትሪክ ደፊ ሥራውን ስለ ለቀቀ፣ የሚጫወተው ቦቢ በ1985 በመኪና ተገጭቶ እንዲሞት ተደረገ፤ ቤተ ሰቡም አለቀሰለት። በ1986 ግን ተዋናዩ ለመመለስ ተስማማ። ስለዚህ የቀድሞ ሚስቱ አንድ ቀን ከእንቅልፏ ስትነቃ ቦቢን ገላውን ሲታጠብ አገኘችው፤ በመካከሉ ያለፈው የአንድ ዓመት ታሪክ ሁሉ ሕልም ነበር ተባለ። በእኔ አስተያየት ይህ ተመልካችን መናቅ ነው። ከዚያ በኋላ በዚያ ቤት ሰው ቢሞት ማን ከልቡ ያዝናል?

እንግሊዞች ከዚህ የተሻለ መላ አግኝተዋል። ቢ.ቢ.ሲ. በ1963 የጀመረው «ዶክተር ሁ» ዋና ተዋናይ ዊልያም ሃርትኔል ነበር። በ1966 ጤናው ታውኮ ሲሰናበት፣ አዘጋጆቹ ዶክተሩ ከሌላ ዓለም የመጣ ፍጡር መሆኑን መሠረት አድርገው፣ ሽማግሌው ደክሞ እንዲወድቅ፣ በወደቀበትም መልኩ ተለውጦ ፓትሪክ ትራውተን ሆኖ እንዲነሣ አደረጉ። ብልሃቱ የሠመረው ለውጡ ስላልተደበቀ ይመስለኛል። የዶክተሩ የጉዞ ጓደኞች ራሳቸው «ይህ ሰው ማን ነው?» እያሉ ሲጠራጠሩ፣ ተመልካቹ በልቡ የያዘው ጥርጣሬ በእነርሱ አፍ ተነገረለት። ከዚያ ወዲህ ብዙ ተዋናዮች ተፈራርቀውበታል፤ ከእነርሱም መካከል ሴት ትገኛለች።

ከሁሉ የከበደው ግን ተመልካቹ ሕፃን ሲሆን ነው። «ሴሰሚ ስትሪት» የተባለው የአሜሪካ የልጆች ዝግጅት በ1969 ከተጀመረ ጀምሮ፣ ዊል ሊ ሚስተር ሁፐር የሚባለውን ሽማግሌ ባለ ሱቅ ይጫወት ነበር። በዲሴምበር 1982 ሞተ። አዘጋጆቹ ሌላ ሰው በቦታው መተካት፣ ወይም ሚስተር ሁፐር ጡረታ ወጥቶ ርቆ ሄዷል ማለት ይችሉ ነበር። ነገር ግን የሕፃናትን ጠባይ ያጠኑ ሊቃውንትን አማክረው እውነቱን ለመናገር ቈረጡ። ያንን ክፍል ያሳዩት በኖቬምበር 24 ቀን 1983፣ በአሜሪካ የምስጋና በዓል ዕለት ነው፤ ልጆቹ ጥያቄ ቢያነሡ የሚመልሱላቸው ወላጆች በዚያ ቀን እቤት ይውላሉና።

ቢግ በርድ የሚባለው ትልቅ ቢጫ ወፍ ጠባዩ የስድስት ዓመት ልጅ ጠባይ ነው። በዚያ ቀን የወዳጆቹን ሁሉ መልክ ሥሎ ለየባለቤቱ ሲያድል፣ የሚስተር ሁፐር ሥዕል በእጁ ቀረ። መሞቱን ሲያስታውሱት፣ ሲመለስ እሰጠዋለሁ አለ። የሞተ ሰው አይመለስም ሲሉት ደግሞ፣ የሚወደውን መጠጥ ከእንግዲህ ማን እንደሚሠራለት፣ ተረትስ ማን እንደሚነግረው ጠየቀ። ልጅ ሞትን የሚያውቀው በእንዲህ ያለው ጉድለት አይደለምን? በመጨረሻም ነገሩ ለምን እንዲህ መሆን እንዳለበት ሲጠይቅ፣ ጎርደን የተባለው ጎረቤት ምክንያት አልፈለገለትም፤ እንዲሁ ስለ ሆነ ነው ብሎ ብቻ መለሰለት። ዙሪያውን የቆሙት ተዋናዮች ዐይናቸው እንባ ያቀረረው ለጨዋታው ሲሉ አልነበረም፤ የሞተው የሥራ ባልደረባቸው ነበርና።

ሥዕሉ ከወፉ ጎጆ በላይ ተሰቀለ። ሱቁንም ዴቪድ የሚባል ወጣት ተረክቦ ይሠራበት ጀመር፤ ስሙ ግን የሁፐር ሱቅ እንደ ተባለ ቀረ።