ዕዳ ባሕር ሲሻገር
(በቀድሞ ተማሪዎች የመገናኛ ቀን የተደረገ ንግግር)



አዘጋጆቹ አሜሪካ ውስጥ ዕዳ ለከበዳቸው ወገኖች ስለምሰጠው ምክር እንድናገር ጠይቀውኛል። ርእሱ ለድግስ ቀን ከበድ ይላል። ግን ዕዳ እንደ ገመና ስለሚደበቅ ሰው በዝምታው ይጎዳል፤ ስለዚህ ዛሬ በግልጽ እናውራው።

እዚህ አገር የምናውቀው የተማሪ ዕዳ ወጪ መጋራት ነው፤ ቀጣሪው ከደመወዝ ላይ ይቆርጣል። የአሜሪካው ሌላ ነው። ያልተከፈለ ዕዳ ለሰብሳቢ ድርጅት ይሰጣል ወይም ይሸጣል። ከማናውቀው ድርጅት ስልክ የሚመጣው ለዚህ ነው።

አንድ የባች ጓደኛዬ በዲቪ ሄዶ ሜሪላንድ ኖረ፤ በፌዴራል የተማሪ ብድርም ተማረ። እናቱ ሲታመሙ አዲስ አበባ ተመለሰ፤ የብድሩም የክሬዲት ካርዱም ክፍያ ተቋረጠ። ሰብሳቢው እዚያ ለቀረችው እህቱ እየደወለ «ወንድምሽ ይታሰራል» ይላት ጀመር። ተበድራ ልትከፍልለት ስትል ለእኔ ደወለች። «ዋስ ሆነሽ ፈርመሻል ወይ?» አልኳት። «ኧረ አልፈረምኩም» አለች። እንግዲያው ዕዳው የእሷ አይደለም።

በ1977 እ.ኤ.አ. የወጣው የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ሰብሳቢውን ያስረዋል። ተበዳሪው የት እንዳለ ዘመድን መጠየቅ ይችላል፤ ስለ ዕዳው ግን መናገር አይችልም። በተራ ዕዳ ትታሰራለህ ብሎ ማስፈራራትም ክልክል ነው። ተበዳሪው ባለበት አገር ሰዓት፣ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊትና ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ መደወል የለበትም። መጀመሪያ ባነጋገራችሁ በ5 ቀን ውስጥ የዕዳውን ዝርዝር በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት። ያ ከደረሳችሁ በኋላ በ30 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ከተቃወማችሁ፣ ማረጋገጫ እስኪልክ ድረስ መሰብሰቡን ማቆም ግዴታው ነው። ስለዚህ አደራ፣ በስልክ ቃል አትግቡ። ጻፉ፣ ቅጂውንም ያዙ።

ሁለተኛው ነገር ዕዳዎቹን መለየት ነው። ለክሬዲት ካርድ ዕዳ የክስ ይርጋ አለው፤ ሜሪላንድ ውስጥ 3 ዓመት ነው፣ ሌላው ግዛት የየራሱ አለው። ልብ በሉ፤ በብዙ ግዛቶች ትንሽ ክፍያ እንኳ ቆጠራውን እንደ አዲስ ሊያስጀምር ይችላል። ከግዛቱ ውጭ የኖራችሁበት ጊዜ የማይቆጠርበትም ቦታ አለ። «ውጭ ነኝ፣ ዓመቱ ይለፍ» ብሎ መተኛት እንግዲህ አያዋጣም።

የፌዴራል የተማሪ ብድር ደግሞ ይርጋ የለውም። መንግሥት ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ከአሜሪካ ደመወዝ ሊቆርጥ፣ የግብር ተመላሽንም ሊወስድ ይችላል። መውጫ መንገድ ግን አለ፦ በ10 ተከታታይ ወራት ውስጥ እንደ ገቢ የተተመኑ 9 ክፍያዎችን በሰዓቱ መክፈል። ወዳጄ በዚህ መንገድ ነው የወጣው። በካርዱ ዕዳም ላይ በጽሑፍ ጠይቆ፣ የማያውቀው ተጨማሪ ክፍያ ተሰርዞለት ቀሪውን ተስማምቶ ዘጋ።

የፍርድ ቤት መጥሪያ ከመጣ ዝም አትበሉ። ያልቀረበ ሰው በሌለበት ይፈረድበታል። «ፍርዱ አዲስ አበባ ምን ያደርገኛል?» የሚሉኝ አሉ። በእርግጥ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጋችን ቁጥር 458 መሠረት የውጭ ፍርድ እዚህ የሚፈጸመው የእኛም ፍርድ እዚያ አገር የሚፈጸም ሲሆን፣ ተከሳሹም የመከላከል ዕድል አግኝቶ ከነበረ ነው፤ ሌሎችም መመዘኛዎች አሉ። ይሁን እንጂ እዚያ የቀረ የባንክ ሒሳብ፣ ቤት ወይም ዋስ የሆነ ዘመድ ካለ፣ የሚነካው እሱ ነው።

ዕዳን መካድ አልመክርም፤ አባቶቻችን «ብድር በምድር» ብለዋል። ያልተበደሩትን መክፈል ወይም በማስፈራሪያ መሸበር ግን ሌላ ነገር ነው። በመካከላችን የሕግና የሒሳብ ባለሙያዎች ብዙ ናችሁ። ጓደኛችሁ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ይዞ ሲመጣ ሳትፈርዱበት አንብቡለት። እህትየውን ከአዲስ ብድር ያዳናት የአንድ ስልክ ጥያቄ ነው።