የአብራሪዎች የጽሑፍ መመሪያ ሲጐድል



የአይሮፕላን አደጋ በተሰማ ቍጥር ስለ ሞተሩና ስለ አብራሪው ብዙ ይባላል። እኛ የሳይንስ ክበብ አባሎች ዛሬ የምንናገረው ስለ ጽሑፍ መመሪያው ነው።

ቦይንግ 737 ማክስ በተባለው አይሮፕላን ውስጥ አፍንጫውን በራሱ ወደ ታች የሚደፋ፥ ኤምካስ የሚባል የኮምፒዩተር ሥርዓት ተገጥሞ ነበር፤ የአብራሪዎቹ መጽሐፍ ግን ሥራውን አልገለጸም። ጥቅምት 19 ቀን 2011 ዓ.ም. አንዱ በኢንዶኔዥያ ባሕር ወድቆ 189 ሰዎች አለቁ። ወዲያው መመሪያ ወጣ፤ ይኸውም የኤሌክትሪኩን ኃይል አቋርጦ የጅራቱን ክንፍ በእጅ መንኰራኵር ማስተካከል ነው። (የሚያስገርመው፥ የኤምካስ ስም በዚህም አልተነሣም።) ፍጥነት ሲበዛ መንኰራኵሩ በነፋሱ ግፊት እንደሚከብድም በግልጽ አላስጠነቀቀም።

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከቦሌ ወደ ናይሮቢ የተነሡት አብራሪዎቻችን እንደ መመሪያው ኃይሉን አቋረጡ፤ መንኰራኵሩ ግን አልዞር አላቸው። በተነሡ በ6 ደቂቃ ውስጥ በቢሾፍቱ አጠገብ 157 ነፍሳት ጠፉ።

እርግጥ ጥፋቱ የወረቀቱ ብቻ አይደለም፤ ሥርዓቱ ራሱ የሚያምነው አንድ መለኪያ ብቻ ነበርና። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ማክስን መልሶ ያበረረው ሥርዓቱ ከታረመና የአብራሪዎቹ መመሪያ እንደገና ከተጻፈ በኋላ፥ ጥር 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ነው።